ውርጌሳ፤ ሠራዊት «አልፎ» የሄደባት ከተማ

ከደሴ እስከ ወልድያ ያለው መንገድ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ መንገድ የሚጓዝ ሰው ሐይቅን አልፎ ውጫሌ ሲደርስ በትምህርት ቤት የተማረው ታሪክ ትዝ ይለዋል፤ መርሳ ሲደርስም ከመንገድ ዳር ማንጎና ብርቱካን ይገዛል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ውርጌሳን ግን አብዛኛውን ጊዜ እያንቀላፋ ያልፋታል። እኛም በሥራ ጉዳይ በተመላለስንባቸው ዓመታት ስንት ጊዜ እንዲሁ እንዳለፍናት ቆጥረን አናውቅም። አንድ ቀን የተሳፈርንበት አውቶቡስ ጎማው ፈንድቶ ከከተማዪቱ መካከል ባይቆም ኖሮ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ባልተነሣሣን ነበር።

ሾፌሩና ረዳቱ ጎማውን ሲፈቱ እኛ ከአንዲት ቡና ቤት ደጃፍ ተቀመጥን። እዚያ የነበሩ አንድ አረጋዊ መታከታችንን አይተው፣ «አብሽሩ ልጆቼ፤ ይህ መንገድ ስንቱን ሠራዊት አሳልፏል፤ እናንተ ለጎማ ትጨነቃላችሁ?» አሉን። ነገሩ ለጨዋታ የተባለ ቢሆንም ከልባችን አልወጣም። የታሪክ መጻሕፍት ንጉሡ የሰፈረበትን ተራራና ጦርነቱ የተደረገበትን ሜዳ ስሙን እየጠሩ ይጽፋሉ፤ ሠራዊቱ እራቱን የበላበትን አገር ግን «አልፎ» በምትባል አንዲት ቃል ይዘሉታል። ውርጌሳ የዚህች ቃል አገር ናት።

ከተማዪቱ የምትገኘው በሰሜን ወሎ በሐብሩ ወረዳ ነው። የሐብሩ ወሰን በደቡብ ሚሌ ወንዝ፣ በሰሜን አላውሃ ሲሆን፣ በምዕራብ የደጋው ተራራ ይጋርደዋል፤ በምሥራቅ ምድሩ ዝቅ እያለ ሄዶ ከአፋር አገር ይገናኛል። ሚሌ ከተሁለደሬ በስተ ምዕራብ ካለው ደጋ ይመነጭና በመጀመሪያ ወደ ሰሜን ይፈሳል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ አፋርን አቋርጦ ከአዋሽ ይገባል። አዋሽም እንደሚታወቀው ባሕር ሳይደርስ በበረሃ የሚቀር ወንዝ ነው። በዚሁ በሚሌ የታችኛው አገር፣ ወራንሶ ሚሌ በተባለው ስፍራ፣ ዶክተር ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ የሚመሩት የተመራማሪዎች ቡድን በየካቲት ወር 2008 ዓ.ም. የ3.8 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የራስ ቅል አግኝቷል። ስለዚህ የውርጌሳ የክረምት ጎርፍ የሚወርደው የሰው ዘር የጥንት አፅም ወዳረፈበት ምድር ነው። መንገደኛው ይህን ቢያውቅ ምናልባት ባላንቀላፋ ነበር።

በቀድሞው አጠራር ይህ ሁሉ የየጁ አገር ነው። በኦሮምኛ ኡርጌሳ የሚባል መልካም ሽታ ያለው ቁጥቋጦ አለ፤ የከተማዪቱም ስም ከዚህ ጋር እጅግ ይቀራረባል። የአገሩ ሰው ዛሬ የሚናገረው አማርኛ ቢሆንም፣ የቦታዎቹ ስም የጥንቱን መቀላቀል እንደ ያዘ መቅረቱ አያስገርምም። ከዚህ አገር የወጡት የየጁ መሳፍንት፣ ከታላቁ ራስ ዓሊ አንሥቶ ዳግማዊ ራስ ዓሊ በ1845 ዓ.ም. በአይሻል በደጃዝማች ካሣ (በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ) ድል እስከ ሆኑበት ቀን ድረስ፣ የጎንደርን ነገሥታት ሲያነግሡና ሲሽሩ ኖረዋል። ሆኖም መቀመጫቸውን ደብረ ታቦር አድርገው ስለ ነበር፣ የተወለዱበት አገር ከሥልጣናቸው ብዙ ያተረፈ አይመስለንም።

ከውርጌሳ ወደ ደቡብ ዳገቱን ወጥቶ ይስማ ንጉሥ ይገኛል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ከኢጣልያ መልእክተኛ ከአንቶኔሊ ጋር የውጫሌን ውል የተዋዋሉት በዚያ ነው። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ነገር በየትምህርት ቤቱ የታወቀ ስለሆነ አንደግመውም። ዘወትር የሚረሳውን ግን እናስታውስ፤ ውሉ በተፈረመበት ዘመን ከብቱን የፈጀው በሽታ ገብቶ፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» እያለ የሚያወሳው ረኃብ ተነሥቶ ነበር። ከዚያ መከራ በቅጡ ሳያገግም በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ የዘመተው ሠራዊት ከወረኢሉ ተነሥቶ በወሎና በየጁ በኩል ወደ አሸንጌና ወደ መቀሌ ወጣ። የዐድዋን ድል ስናከብር የተዋጊውን ስም እንጠራለን፤ ይህም የተገባ ነው። ነገር ግን ያ ሠራዊት ሲሄድ በልቷል፤ ሲመለስም በልቷል። ያበላው ባላገር ስሙ በየትኛውም ሐውልት ላይ የለም።

ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ሠራዊት መጣ። የኢጣልያ ጦር መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተደረገው የማይጨው ጦርነት በኋላ ወደ ደቡብ ገሥግሦ በሚያዝያ 7 ቀን ደሴን ያዘ። ወራሪው ወዲያው ከአስመራ በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰውን የመኪና መንገድ ሠራ። መንገዱ የተሠራው ለመድፍና ለካሚዎን እንጂ ለውርጌሳ ሰው ታስቦ አልነበረም። ይሁን እንጂ ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲባረር መንገዱ ቀረ፤ ሻይ ቤቱ፣ ሱቁና የጎማ ጠጋኙ ቤትም በግራና በቀኙ ተደረደሩ።

ስለዚህ መንገድ ከሚነገረው ሁሉ ከባዱ የ1965 ዓ.ም. ነገር ነው። በዚያ ዓመት ዝናም ቀርቶ የወሎ ባላገር እህሉና ከብቱ ሲያልቅበት፣ ከቆላውም ከደጋውም እየተነሣ ወደዚህ መንገድ ወጣ፤ አውቶቡስና መኪና እያስቆመም ምግብ ለመነ። ረኃቡን የከተማ ሰው በዓይኑ ያየው በመኪና መስኮት ነው። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን ስለ ወሎ በጻፉት ጥናት ያስረዱት ነገር ለመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚገድ ይመስለናል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም ነበር፤ እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል ነበር። የጠፋው የባላገሩ መግዣ ነው። እንግዲህ ሰው ወደ መንገዱ ሲመጣ፣ በዚያው መንገድ እህል ይወጣ ነበር ማለት ነው። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ዲምብልቢ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በውጭ አገር ታየ፤ ለኢትዮጵያ ሕዝብ የታየው ግን መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። መንገዱ አስቀድሞ የተናገረውን ጽሕፈት ቤቶቹ በጊዜው ቢሰሙት ኖሮ ስንት ነፍስ በተረፈ ነበር!

የአገሩ ሰው ግን ዝናም በቀረ ቁጥር እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ አይደለም። በሚያዝያ ገደማ ዝናም ከጣለለት ዘግይተው የሚደርሱትን የማሽላ ዘሮች፣ ደጋሌትንና ጅጉርቲን፣ ይዘራል፤ ካልጣለለት ክረምቱን ጠብቆ ፈጥኖ በሚደርስ ማሽላ ወይም በጤፍ ይተካል። በዚያው በሐብሩ ያለው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ፈጥነው የሚደርሱ ዘሮችን ለማውጣት የደከመው ይህንኑ የገበሬ ብልሃት ተከትሎ ነው።

በሃይማኖትም ነገር እንዲሁ ለኑሮ የሚበጅ ብልሃት አላቸው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በጋብቻ ስለ ተሳሰሩ፣ የራሱ ስም ከአንደኛው፣ የአያቱ ስም ከሌላው ሃይማኖት የሆነ ሰው ማግኘት በወሎ ብርቅ አይደለም። በመንደሮች መካከል፣ በተለይም ከአፋር ጎረቤት ጋር፣ ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ አባጋር የሚባሉት ሽማግሌዎች ገብተው ካሣውን ቆርጠው፣ ደሙን አድርቀው፣ መርቀው ይለያሉ። ፍርድ ቤት ገዳዩን ሊያስር ይችላል፤ የሁለቱን ወገን ከብት በአንድ ውኃ ዳግመኛ የሚያሰማራው ግን የአባጋር ቃል ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጦርነት በዚሁ መንገድ ወርዶ በዚሁ መንገድ ተመለሰ። አረጋዊውን ስለዚህ ብንጠይቃቸው፣ «እሱን እንኳ ተዉት» ብለው ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ። እኛም አልደገምንም።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ረዳቱ ጎማው መታሰሩን ጮኾ ነገረን። ተነሥተን የቡናውን ሒሳብ ብንጠይቅ ባለቤቲቱ ገንዘባችንን አልቀበልም አለች። አረጋዊው ቀድመው ከፍለውልን ኖሯል።