ከካዱና ወደ ሌጎስ፤ የመምህሩ አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ የምክር ቤት ዘመን

አልሃጂ ሰር አቡበከር ታፋዋ ባሌዋ በሰሜን ናይጄሪያ፥ በባውቺ ግዛት፥ ታፋዋ ባሌዋ በምትባል መንደር በ1912 ተወለዱ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።) አባታቸው በአንድ የወረዳ ገዥ ቤት ያገለግሉ ነበር እንጂ ከመሳፍንት ወገን አልነበሩም። በአሚሮች በሚገዛው በዚያ አገር እንዲህ ላለ ሰው ልጅ የተከፈተው በር ትምህርት ቤት ነበረ። ልጁም በካትሲና የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተምሮ በ1933 ሲጨርስ በባውቺ መካከለኛ ትምህርት ቤት አስተማሪ፥ ኋላም ዲሬክተር ሆነ። «ሸሁ ኡማር» የተባለውን የሐውሳ ልብ ወለድ የጻፉት በዚሁ ዘመን ነው። በ1945 ወደ ለንደን ሄደው በዩኒቨርሲቲው የትምህርት ኢንስቲትዩት ካጠኑ በኋላ የትምህርት ቤቶች ተቈጣጣሪ ሆኑ።

በ1947 በካዱና የሰሜን ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ሲከፈት አቡበከር ከባውቺ ተልከው ገቡ። የላካቸው የአሚሩ አስተዳደር እንጂ የሕዝብ ድምፅ አልነበረም። ከዚያው ምክር ቤት ደግሞ ወደ መላው ናይጄሪያ የሕግ ምክር ቤት ተመረጡ። በ1950 ግን በካዱና ተነሥተው የአሚሮቹን አስተዳደር አሠራር ነፃ ኮሚሲዮን መርምሮ የሚሻሻልበትን መንገድ እንዲያቀርብ ጠየቁ። አሚሮቹ የላኩት ሰው የአሚሮቹ ሥልጣን ይመርመር ማለቱ ብዙዎችን አስቈጣ። እንደ እኔ አስተያየት፥ ከሕይወታቸው ሁሉ ትልቁ የድፍረት ሥራ ይህ ነው፤ ተቈጣጣሪው በመዝገቡ ላይ ያየውን ጕድለት እንደሚጽፍ፥ ያለ ዛቻና ያለ ሽንገላ ተናገሩ።

ስለ ናይጄሪያ አንድነት ግን ያን ጊዜ እምነት አልነበራቸውም። በ1948 ሲናገሩ አንድነቱን እንግሊዞች የሚመኙት ነገር አድርገው፥ ሕዝቡ ግን በታሪክም በልማድም የተለያየ መሆኑን ገልጸው ነበር። አሳባቸውን የለወጠው ሥራው ነው። በ1952 የሥራ ሚኒስትር፥ በ1954 የመጓጓዣ ሚኒስትር ሆኑ። ባቡሩና ወንዙ የክፍለ ግዛት ወሰን አያውቁም። በ1955 የወንዝ መጓጓዣን ለማጥናት ወደ አሜሪካ ሄደው ከልዩ ልዩ ወገን የመጣ ሕዝብ አንድ አገር መሥራቱን አይተው ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ አንድነት ከሚከራከሩት ዋነኛው ሆኑ። በ1957 የመጀመሪያው የፌዴራል ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ።

ነገር ግን የፌዴሬሽኑ ሕገ መንግሥት በ1954 ሲቆም፥ ሦስቱ የፓርቲ መሪዎች ማለት አዚክዌ በምሥራቅ፥ አዎሎዎ በምዕራብ፥ አህማዱ ቤሎ በሰሜን፥ የየክፍለ ግዛታቸውን መሪነት መረጡ። ሁለቱ በ1959 ወደ ፌዴራሉ ፓርላማ ሲያመሩ አህማዱ ቤሎ በካዱና ቀሩ። የሶኮቶው ሳርዳውናም እንደ አቡበከር የካትሲና ተማሪና መምህር ነበሩ፤ ግን የኡስማን ዳን ፎዲዮ ዘር ናቸው፥ የፓርቲውም ሊቀ መንበር እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ የአገሩ ጠቅላይ ሚኒስትር በፓርቲው ውስጥ ምክትል ነበሩ። በ1959 ምርጫ ፓርቲያቸው ከ312 መቀመጫ 134 አገኘ፤ ይህም የሰሜን ድምፅ ነው። ብቻውን ስላልበቃ ከአዚክዌ ፓርቲ ጋር ተጣምረው መንግሥት አቆሙ።

በግንቦት 1963 በአዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሲመሠረት የናይጄሪያን መልእክተኞች የመሩት እርሳቸው ነበሩ። በአገራቸው ግን ነገሩ እየከፋ ሄዶ ነበር። በ1962 በምዕራብ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ጠብ ሲነሣ የፌዴራሉ መንግሥት በጥቂት ቀን ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ አውጆ አስተዳዳሪ ሾመ። በ1965 በዚያው በምዕራብ ምርጫው ተጭበርብሯል ተብሎ ቤት ሲቃጠልና ሰው ሲሞት ግን ዐዋጁ አልወጣም። የምዕራቡ መሪ አኪንቶላ ያን ጊዜ የሰሜኑ ፓርቲ ወዳጅ ነበሩ። አቡበከር አልፈለጉም ወይስ አልቻሉም ቢባል፥ የፓርቲው ሊቀ መንበር በካዱና መሆናቸውን ሳይመለከቱ መፍረድ አይገባም።

በጥር 15 ቀን 1966 ሌሊት ወታደሮች ከሌጎስ ቤታቸው ወሰዷቸው። በዚያው ሌሊት አህማዱ ቤሎ በካዱና፥ አኪንቶላ በኢባዳን ተገደሉ። የአቡበከር ሬሳ ከጥቂት ቀን በኋላ ከሌጎስ ወደ አቤኦኩታ በሚወስደው መንገድ ዳር ተገኘ። መቃብራቸው በባውቺ ነው።