ልጁ «አማረበት» ወይስ ወፈረ?

የጢስ ዓባይ ገበሬ ልጅ «ስፖርት ሥራ» የሚለው መካሪ አያስፈልገውም። ከብት ሲያግድ፣ ውኃ ሲቀዳ፣ በእግሩ ሲመላለስ ይውላል። ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕር ዳር የሚያድገው የደመወዝተኛ ልጅ ግን በባጃጅ ሄዶ በባጃጅ ይመለሳል፤ ከዚያም ለስላሳና ቺፕሱን ይዞ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል። ሜዳማና ለብስክሌት በተመቸች ከተማ ይህ መሆኑ ያስቆጫል።

የልጅነት ውፍረት ምንድን ነው?

በምግብና በመጠጥ የሚገባው ኃይል ሰውነት ከሚያወጣው ሲበልጥ ትርፉ ስብ ሆኖ ይጠራቀማል። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትም አለ። መጠኑ የሚታወቀው ግን በዓይን ግምት ሳይሆን ክብደትን ከቁመት ጋር በማነጻጸር ነው፤ ከአምስት ዓመት በላይ ለሆኑት ዕድሜና ጾታም ይታያሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ5 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው መካከል ከ390 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ክብደታቸው ከሚገባው በላይ ነበር።

ለእኛ ቅንጦት ነውን?

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት የኢትዮጵያ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። በአማራ ክልል አኃዙ 46 በመቶ ነበር። ከልክ በላይ ክብደት የነበራቸው በአገር ደረጃ 1 በመቶ ብቻ ናቸው። ታዲያ ስለ ውፍረት ማውራት ለምን አስፈለገ? የአገር አማካይ የከተማውን ጓዳ ስለማያሳይ ነው። በተጨማሪም በሕፃንነቱ የቀነጨረ ልጅ በኋላ ለውፍረት ሊጋለጥ ይችላል። ረሃብን የምናስታውስ ሰዎች በመሆናችን ደግሞ ውፍረትን እንደ ጸጋ እናያለን። አያት «ወፈር ወፈር ብሎልኛል» ስትል ምስጋናዋ ነው። የልጅነት ውፍረት ግን ብዙ ጊዜ እስከ ጉልምስና ይዘልቃል፤ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊትም ያጋልጣል።

ወላጅ ምን ያድርግ?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን ፈጠን የሚያደርግ እንቅስቃሴ ይመክራል። ውድ ጂም አያስፈልግም። የመኪናው ብዛትና የጸጥታው ስጋት ልጅን ከግቢ ማስወጣት የሚያስፈራበት ጊዜ መኖሩ እውነት ነው። ያኔ ገመድ ዝላይ፣ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ ለግቢም ይበቃሉ።

ለስላሳው ለበዓል ይቆይ፤ በአዘቦቱ ቀን ውኃ ይጠጣ። ልጁን «ወፍራሙ» ብሎ መጥራት ያሸማቅቀዋል እንጂ አያቀጥነውም። በራስ ግምት ምግብ መከልከልም እድገቱን ሊጎዳ ስለሚችል ሐኪም ማማከር ይገባል።

የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 31 ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎታል። ኢትዮጵያም የኮንቬንሽኑ አባል ናት። ይሁንና ይህን መብት በየቤቱ የሚያስከብር ዳኛ የለም፤ ያለው ወላጅ ነው። ሶፋ ላይ ተጋድሞ «ውጣና ተጫወት» የሚል አባት ደግሞ ሰሚ አያገኝም። መጀመሪያ እሱ ይነሣ።