«ከብቶቹ አለቁ ካለኝ፣ የት ገቡ እለዋለሁ»

ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ሰኔ 30 አልፎ ሐምሌ በገባ ቁጥር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ወረዳ፣ የዓመቱ የበጀት አፈጻጸም ለሕዝብ ይቀርባል ተባለና እኛ መምህራንም ተጠራን። አቅራቢው ወረቀቱን እያገላበጠ «መደበኛ ይህን ያህል፣ ካፒታል ይህን ያህል» ሲል ቆየና በመጨረሻ «አፈጻጸማችን ዘጠና ምናምን ከመቶ ነው» ብሎ ተቀመጠ። ተጨበጨበ። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ከብት አርቢ ሽማግሌ በአስተርጓሚ ጠየቁ፦ «ገንዘቡ አለቀ ነው የምትሉን?»

«አዎ አባባ፣ ሥራ ላይ ውሏል።»

«ልጄ መጥቶ ከብቶቹ አለቁ ቢለኝ፣ የት ገቡ እለዋለሁ። ታረዱ? ለጥሎሽ ተነዱ? ተዘረፉ? በሽታ ፈጃቸው? አለቁ ብቻ ካለኝ ሁለተኛ ከብት አላስጠብቀውም።»

ተሳቀ። ስብሰባው ወደ ሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። እኔ ግን የታሪክ መምህር አይደለሁ? ጥያቄው ከራሴ አልወጣም። እኚህ ሰው የጠየቁት ነገር እዚህ አገር ስንት ዘመን ሳይመለስ እንደቆየ ማሰብ ጀመርኩ።

ከጥንቱ ልነሳ። በ1890ዎቹ የአፄ ምኒልክ ጦር ወደዚህ ሲደርስ ደመወዝ የሚባል ነገር አልነበረም። የወታደሩ ደመወዝ ሰው ነበር። ቃሉን ልድገመው፣ ሰው። ለአንዱ ሹም ይህን ያህል ገባር፣ ለተራው ወታደር ደግሞ ያነሰ ገባር ይመደብለታል። ደጋ ላይ የሚኖረው የአሪ ገበሬ እህል ያቀርባል፣ ማር ያመጣል፣ ይፈጫል፣ እንጨት ይለቅማል፣ አጥር ያጥራል፣ ዕቃ ይሸከማል። ቆላ ያለው አርብቶ አደር ደግሞ ከብቱን ይነዳለታል። ዝሆን ጥርሱም ነበር፣ ባሪያ ፍንገላውም ነበር፤ እሱን ሳንሸፋፍን ማስተማር አለብን። በዚያ ዘመን ግብሩም ወጪውም አንድ ቦታ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚያልቀው። ገባሩ ግብሩ የት እንደገባ በዓይኑ ያያል፤ ጌታው በልቶታል። የሚያየው ግን ሊጠይቅ አይችልም።

አዲስ አበባ ላይ በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የገንዘብ ሚኒስትሩ በጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ ነበሩ። (ተማሪዎቼ «በጀት» የሚለው ቃል ከ«በጅሮንድ» የመጣ ይመስላችሁ ነበር። አይደለም! በጅሮንድ የቆየ የግምጃ ቤት ሹመት ነው፣ በጀት ከፈረንጅ የመጣ። ፈተና ላይ የጻፋችሁትን አልረሳሁም።) ሚኒስቴሩ ይቋቋም እንጂ የደቡብ ዳርቻ ገባር ያንን ለውጥ አላየውም።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከጣሊያን በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የአገር አስተዳደር ድንጋጌ ከጠቅላይ ገዢ ጀምሮ ሹሞች ከማዕከል ደመወዝ እንዲከፈላቸው አደረገ። ግብር በገንዘብ ሆኖ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል ተባለ። በ1937 ደግሞ የመሬት ግብር አዋጅ ወጣ። ጋሙ ጎፋን ጨምሮ በብዙ ጠቅላይ ግዛቶች፣ ከአሥራት ምትኩ ጋር፣ ለም መሬት በጋሻ 50 ብር፣ ለም ጠፍ 40 ብር፣ ጠፍ 15 ብር እንዲከፈል ተወሰነ። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ገደማ ነው። ከብት አርቢው ደግሞ በ1940ዎቹ በወጣ የከብት ግብር አዋጅ ከብቱ እየተቆጠረ ይከፍል ጀመር።

ይህ ለገባሩ ትልቅ ዕረፍት ነበር፣ አላቃልለውም። ከሰው አገልጋይነት ወደ ደረሰኝ መሸጋገር ቀላል ነገር አይደለም። ግን አንድ ነገር አብሮ ተለወጠ። ብሩ ከባኮና ከጂንካ ወጥቶ፣ በጨንቻ፣ በኋላም በአርባ ምንጭ አልፎ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ ከፋዩ የት እንደገባ ማየት አቆመ። በ1940 የትምህርት ግብር ተጨመረ፣ በ1951 የጤና ግብር። የትምህርት ግብሩ ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ተብሎ የሚሰበሰብ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ግን በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ነበር። የአሪ ገበሬ ልጁ ፊደል ሳይቆጥር ለፊደል ከፍሏል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር። በ1958 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አውራጃዎች ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ የሚፈቅድ ትእዛዝ ቁጥር 43 አወጡ። ለሙከራ 17 አውራጃዎች ተመረጡ፤ የራሳቸው ምክር ቤት፣ የራሳቸው ገንዘብ ሊኖራቸው ነበር። ወረቀቱ ወደ ፓርላማ ሄደ፣ ፓርላማውም ሳያጸድቀው ቀረ። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት በጀት የማጽደቅ ሥልጣን ያገኘው ምክር ቤት ራሱ ነው እንግዲህ! ብዙዎቹ አባላት ባለርስቶች ነበሩ፤ ግብር ከቅርብ ሲሰበሰብ መሬታቸው በደንብ እንደሚታይ ያውቃሉ። ይህ የራሴ ግምት ነው፣ ተከራከሩኝ።

ደርግን በአጭሩ ልለፈው። መሬቱን ለአራሹ ሰጠ፣ ያ ታላቅ ነገር ነው፤ ገንዘቡን ግን ከበፊቱ ይበልጥ ወደ ማዕከል ጠቀለለው።

ከዚያ 1984 መጣ። በአዋጅ ቁጥር 7 ክልሎች ተቋቋሙ፤ በ1985 አዋጅ ቁጥር 33 የፌዴራሉንና የክልሉን ገቢ ለያየ። ትልልቁ ገቢ፣ ጉምሩኩን ጨምሮ፣ ከላይ ቀረ። ክልሎች በድጎማ እንዲኖሩ የተወሰነው ያኔ ነው። የድጎማውን ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። በ1994 ደግሞ ደቡብን ጨምሮ በአራት ክልሎች ጥቅል ድጎማ ከዞን ጠረጴዛ ወርዶ ወረዳ ደረሰ። እኛ ሃና፣ ሰላማጎ ያለነውም «የወረዳ በጀት» ማለት የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

እና የወረዳ በጀት ምንድን ነው? በአብዛኛው ደመወዝ ነው። የመምህሩ፣ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ባለሙያው። የእኔም። ይህ ስህተት አይደለም፣ መምህር የሌለበት ክፍል ቤት እንጂ ትምህርት ቤት አይሆንም። ግን ያ «ዘጠና ምናምን ከመቶ» የሚመጣው ከዚህ መሆኑን እወቁ። ደመወዝ በየወሩ በራሱ ይወጣል፣ ማንም ሳይሠራም ይወጣል። የቀረችው የሥራ ማስኬጃ ደግሞ ሰኔ ላይ እንዳትመለስ ተብላ ትጠረጋለች፤ ስልጠናው፣ አበሉ፣ ወንበሩ። ሌላም አለ። መቶኛው የሚሰላው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በጸደቀው ሳይሆን «በተስተካከለው» በጀት ነው። ዓመቱ መሀል ላይ ከተቀነሰ፣ አካፋዩ ያንሳል፣ መቶኛው ያምራል። ሒሳብ መምህሮች ይህን ለተማሪ አስረዱልኝ።

ገንዘብ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቆረጠው ጠመኔ፣ የሞተር ብስክሌት ነዳጅ፣ የከብት ክትባት ማጓጓዣ ነው። እሱ ካልበቃ ደመወዝ ይዘገያል። እኔ ራሴ ሁለት ወር ያለ ደመወዝ ክፍል ገብቼ አስተምሬያለሁ፤ የት እንደሆነ ይቅር። የዚያ ዓመት ሪፖርትም ያምር ነበር።

በሌላ በኩል፣ በምድራችን ላይ የፈሰሰው ትልቁ ገንዘብ በእነዚህ ሪፖርቶች ውስጥ ጭራሽ የለም። በጥር 2003 የአርብቶ አደሮች ቀን ጂንካ ላይ ሲከበር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ የኦሞን ሸለቆ የስኳር ልማት አበሰሩ። ኦሞ ኩራዝ የፌዴራል ፕሮጀክት ነው፤ ቦዩ፣ ፋብሪካው፣ መንገዱ በፌዴራል መዝገብ ነው ያለው። የቦዲ አርብቶ አደር የግጦሽ መሬቱ ሸንኮራ ሲሆን ያየው እዚህ ነው፣ ሒሳቡ የተሰማው ግን አዲስ አበባ። ወረዳው ስለሱ ልንገራችሁ ቢል እንኳ በእጁ ያለ ወረቀት የለም።

ከገባሩ ዘመን ጀምሮ ያየሁት ነገር፣ ሒሳብ የሚሰጠው ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ጭቃ ሹሙ ለሹሙ፣ አውራጃው ለጠቅላይ ግዛቱ፣ ወረዳው ለዞን፣ ዞኑ ለክልል። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት እንኳ የተለወጠው ሪፖርቱ የሚላክበት ከተማ ነው።

አንድ የተለየ ነገር ግን ነበር። ከ1998 ወዲህ፣ ከምርጫ 97 ቀውስ በኋላ፣ ለጋሾች በቀጥታ የሚሰጡትን የበጀት ድጋፍ አቁመው ለመሠረታዊ አገልግሎቶች የሚውል ፕሮግራም ሲያደርጉት፣ አብሮ የመጣ ሥራ ነበር፦ የወረዳው በጀትና ወጪ በቀላል አማርኛ ተጽፎ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ። ለትምህርት ይህን ያህል፣ ለጤና ይህን ያህል፣ ለውሃ ይህን ያህል። የለጋሽ ግፊት ነው ብላችሁ አትናቁት። ወረቀቱ ፊቱን ወደ ታች ያዞረበት ጊዜ ቢኖር ያ ነው። ጉድለቱ፣ ቦዲና ሙርሲ አማርኛ ሰሌዳ አያነቡም፤ እኔ እንዳየሁት ደግሞ ብዙ ሰሌዳ ላይ ፀሐይ ያነጣው የቆየ ወረቀት ነው ተለጥፎ የሚኖረው።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ አሁን ፋይናንስና ፕላን ጽሕፈት ቤት ውስጥ ናችሁ፣ አውቃለሁ። በየወረዳችሁ ያለውን ሰሌዳ ፎቶ አንሱና በውስጥ መስመር ላኩልኝ። የየትኛው ዓመት እንደሆነ እንዲታይ ቀኑን አትቁረጡት።