ከመቀሌ እስከ ጨው ሜዳ፦ ሙቀትን በልብስ የመቋቋም ታሪክ

ዛሬ በውጭ አገር ገበያ በአንገት የሚንጠለጠል ማራገቢያ፥ በረዶ የሚያዝበት ሰደርያና ውኃ በቀጫጭን ቧንቧ የሚዘዋወርበት ልብስ ይሸጣል። ብዙ ሰው እነዚህን ሁሉ የፋብሪካ ዘመን ግኝት አድርጎ ይመለከታቸዋል። ይሁን እንጂ ሰው በለበሰውና በያዘው ነገር ገላውን ለማቀዝቀዝ መጣር የጀመረው ከመኪና ዘመን አስቀድሞ ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ከመቀሌ ወደ አፋር ጨው ሜዳ በሚወርደው መንገድ ታሪክ ማስረዳት ነው።

መቀሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአሳሌ ጨው ሜዳ ግን ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። በዚያው አካባቢ በዳሎል በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተደረገው ልክ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ተመዝግቧል። እንግዲህ ከደጋ የተነሣ ነጋዴ በጥቂት ቀን ጉዞ ከብርድ ወደ እሳት ይወርድ ነበር ማለት ነው።

ይህን መከራ ያስመረጠው የጨው ዋጋ ነው። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቈየው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው በአገሩ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ማየቱን ጽፏል። አሞሌው ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን መገበያያ ሆኖ ኖሯል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ (1864-1881 ዓ.ም.) መቀሌን መናገሻቸው ሲያደርጓት ከተማዪቱ የጨው ንግድ ማዕከል ሆነች። አርሆ የሚባሉት የጨው ነጋዴዎችም ግመላቸውን፥ በቅሏቸውንና አህያቸውን እየነዱ በበራህሌ በኩል ወደ ሐመድ ኤላ ይወርዱ ነበር።

እነዚህ ሰዎች ሙቀቱን የተቋቋሙት በሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው ልብስ ነው፤ ሰፋ ያለ የጥጥ ልብስ ይለብሳሉ፥ ራሳቸውንም በነጠላ ይጠመጥማሉ። ሁለተኛው ውኃ ነው፤ ውኃው የሚያዝበት የፍየል ቆዳ ስልቻ በላዩ ጥቂት በጥቂት ስለሚያዥና የወጣው እርጥበት ስለሚተን በውስጡ ያለውን ያቀዘቅዘዋል። ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ ከሐመድ ኤላ ጎሕ ሲቀድ ይነሣሉ፥ ዋናውንም የጨው ጉዞ የሚያደርጉት ሙቀቱ በሚቀልበት በበጋው ወራት ነው።

የዚህ ጥበብ ምክንያት በዛሬው ሳይንስ ግልጽ ነው። የሰው ቆዳ ሙቀት 35 ዲግሪ ያህል ስለሆነ አየሩ ከዚህ ሲበልጥ ገላ ሙቀቱን ወደ አየር መስጠት አይችልም፤ የሚቀረው መንገድ የላብ መትነን ብቻ ነው። አንድ ሊትር ላብ ሲተን 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ሰፊው የጥጥ ልብስ ላቡን ይይዛል፥ ፀሐዩን ይከላከላል፥ በገላና በጨርቅ መካከልም ነፋስ ያሳልፋል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980 በበረሃ ዘላኖች ልብስ ላይ የታተመ ጥናት ጥቁሩም ሆነ ነጩ ሰፊ ቀሚስ ወደ ገላ የሚያሳልፈው ሙቀት እኩል መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ከቀለሙ ይልቅ ስፋቱ ትልቅ ነገር ነው።

አዲሶቹ መሣሪያዎችም የወጡት ከዚሁ ችግር ነው። በእንግሊዝ አገር በፋርንቦሮ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ለአውሮፕላን ነጂዎች በውኃ የሚቀዘቅዝ ልብስ ተሠራ፤ በ1969 ጨረቃ ላይ የወረዱት ሰዎችም ከጠፈር ልብሳቸው ሥር ይህንኑ ዓይነት ለብሰው ነበር። በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶች የበረዶ ሰደርያ ተሞከረ። ነገር ግን የውኃው ልብስ ኃይል የሚሰጥ መኪና፥ የበረዶው ሰደርያም በየጊዜው በረዶ የሚያወጣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። የአንገት ማራገቢያውም ቢሆን ከ35 ዲግሪ በሚበልጥ አየር ውስጥ የሚጠቅመው የሚተን ላብ ወይም እርጥብ ጨርቅ ሲኖር ነው፤ አለዚያ ትኩስ አየር ፊት ላይ ከመንፋት አያልፍም።

ዛሬ የጭነት መኪና በብዙው የግመሉን ሥራ ተረክቧል፤ በዚህም የነጋዴው የመንገድ ድካም ቀንሷል። ጨውን በእንጨት ፈንቅሎ የሚያነሣውና ጠርቦ አራት ማዕዘን የሚያደርገው ሠራተኛ ግን ዛፍ በሌለበት ሜዳ፥ ከላይ ፀሐይ ከታች የጨው ነጸብራቅ እየለበለበው ይሠራል። መንገዱ ሲሻሻል የእርሱ ሙቀት አልተሻሻለም። እንዲያውም መኪናው ብዙ ጭነት በፈለገ ቍጥር ሠራተኛው በቀትር እንዲቈይ ሊገደድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከሦስቱ መከላከያዎች አንዱን፥ ሰዓቱን፥ ያጣል።

ስለዚህ ለጨው ሠራተኛ የሚቀርብ ማንኛውም አዲስ ልብስ በሁለት ጥያቄ መመዘን አለበት። ኤሌክትሪክ በሌለበት ይሠራልን? ላብን ሳያግድ እንዲተን ያደርጋልን? ይህን የማያሟላ መሣሪያ ምንም አዲስ ቢሆን ከአርሆው ነጠላ አይበልጥም። የሚያሟላም ቢገኝ ጥላን፥ በቂ የመጠጥ ውኃንና የቀትር ዕረፍትን ሊተካ አይገባውም። አባቶች ሙቀቱን የቻሉት በልብሱ ብቻ ሳይሆን ሦስቱን አንድ ላይ በመያዝ ነበርና።