ለማን ጠፍታ ነው የተገኘችው?

ስሪላንካ የሄደች የድሮ ተማሪዬ ከፔራዴንያ የእጽዋት ማዕከል የአንድ ዛፍ ፎቶ ልካልኝ «ቲቸር፣ የድሬዳዋ ዛፍ ናት አይደል?» አለችኝ። አይደለችም። አምኸርስቲያ ናት፤ በዓለም ላይ ብርቅ ከሚባሉት ባለ አበባ ዛፎች አንዷ።

መለየቱ ከባድ አይደለም። የድሬዳዋ ዛፍ አበባውን ዣንጥላ በመሰለ አናቱ ላይ ዘርግቶ ነው የሚያብበው፤ ቅጠሉም እንደ ግራር የደቀቀ ነው። የእሷ አበባ ግን ከረጅም ዘንግ ላይ እንደ ፋኖስ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ቀይ ሆኖ ጫፉ ላይ ቢጫ አለው። ለጋ ቅጠሏን ካያችሁማ አትስቱም፤ ወደ ሮዝና ቡናማ ያደላ፣ ታጥቦ እንደተሰጣ መሀረብ ዝልፍልፍ ያለ ነው። ሁለቱም ከባቄላ ቤተሰብ ናቸው። የእሷ የቅርብ ዘመድ ደግሞ ማን መሰላችሁ? የኛው ሁመር፣ ሮቃ የምትሉት።

ወደ ታሪኩ ልግባ። (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።) መጻሕፍቱ ናትናኤል ዋሊች በ1820ዎቹ በርማ ውስጥ «አገኛት» ይላሉ። ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ «ተገኘ» የሚል ዓረፍተ ነገር ስታመጡልኝ «ለማን ጠፍቶ?» እል ነበር። ዋሊች ዴንማርካዊ ሐኪም፣ የካልካታ የእጽዋት ማዕከል ኃላፊ ነው። እንግሊዞች ከ1824 እስከ 1826 ከበርማ ጋር ተዋግተው የባሕር ዳርቻዋን ነጥቀዋል። እሱንም የላኩት የያዙትን አገር ደን፣ በተለይ የቲክ እንጨቱን እንዲመለከትላቸው ነው።

ዛፏን ያያት ግን ጫካ ውስጥ አይደለም። ማርታባን አካባቢ፣ ሳልዊን ወንዝ አጠገብ፣ ባረጀ የቡድሃ ገዳም ግቢ ውስጥ ነው። እዚያው ባለው ዋሻ ከአበባዋ የተዘገነ በቡድሃ ምስሎች ፊት ቀርቦ ነበር። እንግዲህ የሚተክላት፣ የሚንከባከባት፣ አበባዋን ለስለት የሚያቀርብ ሰው ነበራት ማለት ነው። ስምም ነበራት፤ የአገሩ ሰዎች «ቶካ» ይሏታል። ዋሊች ግን በህንዱ ገዢ በሎርድ አምኸርስት ሚስትና ልጅ ስም ሰየማት። የተካዩ መነኩሴ ስም የትም የለም።

ከዚያ የሀብታሞቹ ፉክክር መጣ። የዴቮንሺር ዱክ በ1835 ጆን ጊብሰን የሚባል ወጣት አትክልተኛ ወደ ህንድ ላከ። ልጁ በ1837 ችግኟን በመስታወት ሳጥን ዘግቶ እንግሊዝ አደረሳት። ያ ሁሉ ወጪ ወጥቶባት ለዱኩ ሳታብብ፣ በ1849 ለንደን ዳር ለነበረችው የሐኪም ሚስት፣ ለሉዊዛ ሎረንስ አበበች! ሴትዮዋም የመጀመሪያውን ዘለላ ለንግሥት ቪክቶሪያ ላከች። (የዱኩን ፊት ማየት ነበር።)

ታዲያ በዚያው በ1820ዎቹ ፈረንጆች ማዳጋስካር ላይ ያዩት የድሬዳዋ ዛፍ ዓለምን ሲያዳርስ፣ እሷ ለምን ብርቅ ሆና ቀረች? ነገሩ ከዘሩ ነው። የእሱ ዘር እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው፤ ኪስ ውስጥ ከርሞ ሙቅ ውሃ ሲነካው ይበቅላል። የእሷ ግን ከስንት አንዴ ነው የሚያፈራው፤ ያፈራውም ቶሎ ይሞታል። በዱር በቅላ ያዩዋት ተመራማሪዎችም በጣም ጥቂት ናቸው። እስከ ዛሬ የቆየችው በአትክልተኛ እጅ ነው።

«እኔስ ግቢዬ ልትከላት?» የምትሉ አትጠፉም። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ተዉት፤ ብርዱን አትችለውም። ሙቀትና እርጥበት ያለው ቆላ ትፈልጋለች። ኢንተርኔት ላይ «ዘሯን እንሸጣለን» ለሚሏችሁም ገንዘባችሁን አትስጡ። የሚሠራው የእጅ ዘዴ ነው፦ ከእናት ዛፏ ላይ ሳይቆረጥ የአንዱን ቅርንጫፍ ልጣጭ እንደ ቀለበት ዙሪያውን ትልጣላችሁ፤ የተላጠውን በረጠበ የኮኮናት ጭረት ሸፍናችሁ በላስቲክ ጠበቅ አድርጋችሁ ታስራላችሁ። ከዚያ መታገሥ ነው። ላስቲኩ ውስጥ ሥር ሞላ ብሎ ሲታይ ከሥሩ በታች ቆርጣችሁ ጥላ ያለበት ቦታ ትተክሉታላችሁ። መሬቱ እርጥበት ይያዝ እንጂ ውሃ አይቋጥር።