ፈተናና የአፍ ቁስል ምን አገናኛቸው?

ፈተና ሲቃረብ አፉ የሚቆስል ጓደኛ የሌለው ማን አለ? ከንፈር ላይ የሚወጣውን ምች ማለታችን አይደለም። ጉንጭ ውስጥ ወይም ምላስ ጠርዝ ላይ የምትወጣውን፣ በርበሬ ሲነካት የምታስለቅሰውን ነጯን ቁስል ነው። «ጭንቀት ነው» ሲባል ብዙዎቻችን እንስቃለን። ታሪኩ ግን አያስቅም።

ነገሩ ከአይጦች ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1936 ሞንትሪያል ይሠራ የነበረው ሃንስ ሴልዬ አይጦችን በብርድም፣ በድካምም፣ በመድኃኒትም ሲያስጨንቃቸው ሰውነታቸው ላይ ያየው ለውጥ ተመሳሳይ ሆነበት። ከኩላሊታቸው በላይ ያለው ዕጢ ያብጣል፤ ጨጓራቸው ይቆስላል። የሰውም ዕጢ በጭንቀት ጊዜ ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ያመነጫል። ዛሬ ይህን ሆርሞን ያለ መርፌ፣ ከምራቅ ብቻ መለካት ይቻላል።

ቁስል ላይ የደረሱት የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 ጃኒስ ኪኮልት-ግሌዘርና ባልደረቦቿ የመርሳት በሽታ ያለበት ዘመድ የሚያስታምሙ 13 ሴቶችን ክንድ በትንሹ አቆሰሉ። የ13 ሌሎች ሴቶችንም እንዲሁ። የአስታማሚዎቹ ቁስል ለመዳን 9 ቀን ያህል ዘገየ!

በ1998 ደግሞ ተራው የ11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ሆነ። ላንቃቸው ላይ 3.5 ሚሊሜትር ስፋት ያላት ቁስል ተደረገላቸው፤ አንዴ በክረምት ዕረፍት፣ አንዴ ፈተና 3 ቀን ሲቀረው። የፈተናው ቁስል በአማካይ 3 ቀን ዘግይቶ ዳነ። በፈተና ሰሞን እንደ ዕረፍቱ ቶሎ የዳነለት አንድም ተማሪ አልነበረም። ጥገናውን ከሚያስጀምሩት ንጥረ ነገሮች አንዱ፣ ኢንተርሉኪን-1፣ ቀንሶ ተገኝቷል።

ይህ ማለት ግን የአፍ ቁስል ሁሉ ከጭንቀት ይመጣል ማለት አይደለም። የብረትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረትም፣ ጉንጭን መንከስም ያመጡታል። ኮርቲሶልም ጠላት ብቻ አይደለም፤ ሐኪም ለዚሁ ቁስል ከሚያዛቸው ቅባቶች አንዳንዶቹ የሆርሞኑ ዘመዶች ናቸው። ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ቁስል ካለ ደግሞ ጭንቀት ነው ብሎ መተው አይገባም፤ ሐኪም ይየው።

እኛን የገረመን ግን ተማሪዎቹ አይደሉም። ፈተና ያልፋል። የአስታማሚዋ ፈተና ግን በየቀኑ ነው። እንዲህ ያለች እናት ወይም እህት በየቤታችን አለች፤ የምንላትም «አይዞሽ፣ አትጨነቂ» ነው። ቁስሏን የሚያዘገየው ሸክሙ ከሆነ፣ ምክሩን ትተን ለአንድ ከሰዓት እንኳ ብንተካትስ?