አትላንቲክን የተሻገረ የጣና ደንገል

ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. አንዲት ጀልባ ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሣች። አካሏ የደንገል ነበር፤ ደንገሉም የታጨደው ከጣና ሐይቅ ነው። «ራ 2» የተባለችው ይህች ጀልባ ስምንት ሰዎች ይዛ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ሐምሌ 5 ቀን ባርቤዶስ ደረሰች።

የጉዞው መሪ ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር በተግባር ሊያሳይ ተነሥቶ ነበር። ከዓመት በፊት የሞከራት «ራ»ም ከጣና ደንገል የተሠራች ስትሆን፣ የሠሯት የቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች ነበሩ። እርሷ ግን የኋላ ክፍሏ ረግቦ ውኃ ስለገባው ካሪቢያን ሳትደርስ ተተወች። ሁለተኛዋን ከቦሊቪያ የመጡ የቲቲካካ ሐይቅ ጀልባ ሠሪዎች ሠሯት፤ መጨረሻዋም ኦስሎ የሚገኘው የኮን-ቲኪ ሙዚየም ሆነ።

እንግዲህ የጣና ደንገል በኖርዌይ የሙዚየም ቅርስ ሆኗል። የባሕር ዳር ልጅ ደግሞ ይህንኑ ደንገል በእጁ ዳስሶ፣ አስሮና አንሳፍፎ የመማር ዕድል ሊኖረው ይገባል።

የደንገል ዘንግ ሦስት ማዕዘን አለው፤ ውስጡም አየር የቋጠረ ለስላሳ አካል ነው። የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ባለሙያዎች ያጭዱታል፣ በፀሐይ ያደርቁታል፣ በነዶ በነዶ አስረው ታንኳ ያደርጉታል። ታንኳው ዓሣ ተጠምዶበታል፤ ከዘጌ ወደ ባሕር ዳርም እንጨት ተጭኖበታል። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ መልስ ወደ ዳር ተጎትቶ ይደርቃል፤ ዕድሜውም ወራት እንጂ ዓመታት አይደለም። ስለዚህ ሙያው የሚኖረው ታንኳ በማስቀመጥ ሳይሆን፣ ደግሞ ደጋግሞ በመሥራት ነው።

ልጆች በእጃቸው እየሠሩ የሚማሩበት ሙዚየም አዲስ ሐሳብ አይደለም። በዓለም የመጀመሪያው የሚባለው የልጆች ሙዚየም በኒውዮርክ ብሩክሊን የተከፈተው በ1892 ዓ.ም. ነው። በአገራችንም የአዲስ አበባው የሳይንስ ሙዚየም መስከረም 2015 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ለተማሪዎች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከል አለው። ጣና ዳር ለሚያድግ ልጅ ደግሞ ከደንገል የተሻለ የመጀመሪያ መማሪያ የለም። ጥቂት ዘንጎች አስሮ በሳፋ ውኃ ላይ ያንሳፍፍ፤ ጠጠር እየጨመረ ስንት እንደሚሸከም ይቁጠር፤ ሲያድር ለምን አቅሙ እንዳነሰ ይጠይቅ። የመጀመሪያዋ «ራ» ምን እንደገጠማት ያን ጊዜ በራሱ ይረዳዋል።

ወላጆችም ቅዳሜና እሑድን ለዚህ ሊያውሉት ይችላሉ። ልጆቻችሁን ታንኳ ወደሚሠራበት ዳርቻ ውሰዱ፤ ባለሙያውን አስፈቅዳችሁ፣ ለድካሙም ከፍላችሁ አንድ ነዶ እንዴት እንደሚታሰር ያሳያቸው። በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ስትሻገሩ የደኅንነት ሰደርያ አልብሷቸው። ዘጌ ስትደርሱ በቡናው ደን ውስጥ አልፋችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግቡ፤ በመቅደሱ ዙሪያ የተሣሉት ሥዕሎች ማንበብ ላልጀመረ ልጅ እንኳ ታሪክ ይነግራሉ። ሴቶች ልጆች ካሏችሁ ግን በዚያው ሐይቅ ያለው ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁ።

ጊዜው ግን አይጠብቅም። ለእርሻ ተብሎ የሐይቁ ዳርቻ ሲመነጠር ደንገሉ እየሳሳ ነው፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የእምቦጭ አረም ሐይቁን እያስጨነቀ ይገኛል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ምዝገባው ትርጉም የሚኖረው ግን ደንገሉም፣ ደንገሉን የሚያውቁት እጆችም ሲተርፉ ነው።

የከተማው አስተዳደርና ዩኒቨርሲቲው በሐይቁ ዳር አንድ የልጆች የታንኳ መሥሪያ ቦታ ያቋቁሙ። መምህራኑም የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች ይሁኑ፤ የመምህር ደመወዝም ይከፈላቸው።